ምራቂ አንፈልግም

ሰኞ፣ ነሐሴ 5። ጠዋት።

ዛሬም ኮምፒዩተሬ ላይ ፍላሽ ተሰክቶበታል። ገና ሳልከፍተው አወቅሁ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ ማውሱ በግራ በኩል ነው። እዚህ ቤት ግራኝ ናቲ ብቻ ነው።

ከፈትኩት። የጥልፍ ፎልደሬ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንሽ ቀስት አውጥቷል። ስሙ የራሴ ነው፣ ስነካው ግን ሌላ ነገር ይከፍታል። እውነተኛው ከኋላ ተደብቋል። ይሄን ቫይረስ አውቀዋለሁ። በፍላሽ ነው የሚመጣው። ኮምፒዩተሩ ላይ ወረቀት ለጥፌ ነበር፦ ሳይጠይቁ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው። ናቲ ከሥሩ «እሺ እመቤቴ» ብሎ ጽፎበታል። ወደ ግራ የተንጋደደ ጽሑፍ።

ወንድሜ ነው። ሥራ እየፈለገ ነው ይባላል። የሚፈልገው ፊልም ነው። ከጓደኞቹ ይገለብጣል፣ ለጓደኞቹ ይገለብጣል፣ ቆሻሻው ለእኔ ይቀራል።

ከሰዓት። አጸዳሁት። የተደበቁትን አንድ በአንድ አወጣሁ። ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ልንገርሽ። እማዬ ሸማ ተራ የሀገር ልብስ ትሸጣለች። የአንገቱንና የጠርዙን ጥልፍ እኔ እዚህ፣ ተክለ ሃይማኖት ቤታችን ውስጥ፣ በኮምፒዩተር እስላለሁ። በፍላሽ ወደ ጋሽ ከድር ጥልፍ ቤት ይሄዳል። የእሳቸው ማሽን ይጠልፈዋል። ስምንተኛን ጨርሼ ት/ቤት ካቆምኩ ወዲህ ሥራዬ ይሄ ነው። ብቻዬን ነኝ። ማንም አያናግረኝም። እንዲህ ነው የምፈልገው።

እማዬ ግን ውል አስገብታኛለች። ለእንቁጣጣሽ አዲስ ጥልፍ ካወጣሁና ከተሸጠ ቤት እቀራለሁ። ካልሆነ ኮምፒዩተሩ ምን አለሽ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ ገዢዎች ዘንድ ይሄዳል፣ እኔ ከመስከረም ጀምሮ ሱቅ። ሱቅ ማለት ደጃፍ ላይ ቆሞ መጥራት ነው። የኔ ቆንጆ ነይ፣ ግቢ፣ ማየት በነጻ ነው! እኔ። ስሜን ሲጠሩኝ የምደነግጠው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7።

እትዬ አስካለ መጣች። ጎረቤታችን ናት። ፊቷ ላይ እርስዎ እላታለሁ። እዚህ ግን አንቺና እኔ ብቻ ስለሆንን አልልም። ከዛሬ ጀምሮ እ.አ. ናት፤ ስሟን መጻፍም ሰለቸኝ።

የልጅ ልጇን ክርስትና ቪዲዮ በፍላሽ ይዛለች። በትልቁ ልየው አለች። ተቀመጠች። አልጠየቀችም፣ ተቀመጠች። በዚህ ግቢ ፍላሽ እንደ ወንፊት ነው፤ ከቤት ቤት ይዞራል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እምቢ ማለት ነውር ነው።

ፍላሹን ተቀበልኳት። ከመክፈቴ በፊት እንዲፈተሽ አደረግሁ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቫይረስ ካለው ብዬ ነው አልኩ፣ ድምፄ አልወጣም፣ ደገምኩት። ፊቷ ተለወጠ። የተጠመቀ ልጅ ነው ያለበት፣ ምን ሊኖረው ይችላል አለች። በዚያው ቅጽበት ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። አንድ አይደለም። ተደራርቦ።

ብሎ ብሎ የአስካለ ፍላሽ ይታጠብ ጀመር፣ አለችና ነቅላው ወጣች። ቪዲዮውን አላየችም።

ማታ እማዬ ሁሉንም ሰምታ ገባች። ሴትዮዋ በሠርግም በለቅሶም ለኛ የቆመች ናት፣ አንቺ ግን በር ላይ እንደ ፖሊስ ትፈትሻለሽ አለችኝ። ፆም ላይ ስለሆነች ነው ብዬ ልተዋት ፈለግሁ። አልተውኳትም። ትራሴን ነከስኩ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10።

ዝናብ። መብራት ሄዶ መጣ። ሠራሁ።

ጥልፉን አገኘሁት! ከወንበሬ ፊት ለፊት፣ ከመስኮቱ ማዶ፣ የጎረቤት ቤት መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ከምን አለሽ ተራ የመጣ ነው፤ ብረቱ ሁሉ ከተለያየ ነገር ተቆርጦ የተበየደ። አንዱ ቅጠል ይመስላል፣ አንዱ ወፍራም ነው፣ አንዱ የተጣመመ። ሁለት ዓመት ሳየው ኖሬ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ዝናቡ በላዩ ሲወርድ አየሁት። ሁሉም ሰው መስቀል ይጠልፋል። እኔ ፍርግርግ እጠልፋለሁ። አንገቱ ላይ በጠባቡ፣ ጠርዙ ላይ በሰፊው።

ለማንም አልተናገርኩም። ይስቃሉ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13። ቡሄ።

ውጭ ልጆች ይጨፍራሉ። ውስጥ እኔ እየተሰደብኩ ነው።

ናቲ ሌሊት የሆነ ነገር አውርዷል። ጠዋት ስከፍተው በየደቂቃው ማስታወቂያ ብቅ ይላል። እዘጋለሁ፣ ሌላ ይመጣል። እማዬና እ.አ. ልክ ሲገቡ ራቁቷን የሆነች ሴት ስክሪኑን ሙሉ ይዛ ወጣች። ማውሱ እጄ ውስጥ ነው። በቡሄ ቀን። በፆም።

እ.አ. አማተበች። ለካ የሚፈተሸው የሰው ፍላሽ ነው አለች። ለብቻዋ የምትናገር መስላ፣ እማዬ እንድትሰማ።

ናቲ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ተዘጋ። ናቲ ከበሩ ላይ ቆሞ ያያል። እሱም ዝም። እሱ ዝም የሚለው ስለሚጠቅመው ነው። እኔ ግን ለምን? ራሴን እጠላዋለሁ። ከእሱ እኩል አይደለም፣ ግን እጠላዋለሁ።

እማዬ ወሰነች። ዓርብ ባለሙያ ዘንድ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ቢበላሽ ይሸጣል። አንድ ጊዜ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16።

ኮምፒዩተሩን በነጠላ ጠቅልለን ወሰድነው። በነጠላ! እማዬ እንደ ሕፃን አቅፋ ታክሲ ውስጥ ገባች። ለእኔ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ባለሙያው ያለው ከሰባተኛ ሰፈር በላይ፣ አንድ ሕንጻ ላይ፣ ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ነው። ቀይ ኮፍያ ያደርጋል። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ፎርማት ነው አለ። ለሁሉም የሚለው ይሄን ነው፤ ከፊታችን ለነበረውም ይሄንኑ ሲለው ሰምቻለሁ። ሥዕሎቼ እንዳይጠፉ አልኩት። አልሰማኝም። እማዬ ጮኸችለት፤ ሰማ። ገልብጦ አስቀመጠልኝ። ፍርግርጉ ተረፈ።

ከዚያ እማዬ የለመደችውን አደረገች። ዋጋውን ተከራከረች፣ አስቀነሰች፣ ከፈለች፣ ግን አልተነሳችም። ምራቂው የታለ? አለችው። መርካቶ ሃያ ዓመት ነግዳለች፤ ምራቂ ሳትቀበል ከሱቅ ወጥታ አታውቅም። ቲማቲም ስትገዛ አንድ ቲማቲም፣ ክር ስትገዛ አንድ ጥቅል። እሷም ለደንበኛ ትመርቃለች። ያልመረቀ ነጋዴና ያልተመረቀ ገዢ ሁለቱም ተዋርደዋል ብላ ታምናለች።

ኮፍያው ሳቀ። እናቴ፣ ኮምፒዩተር ላይ ምን ይመረቃል አላት። እሷ፦ «የቫይረሱን መድኃኒት መርቅልን እንጂ፣ ደንበኛ እንሆን የለ!»

ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። የማን እንደሆነ እንጃ። ፎልደር ሙሉ ነገር ገለበጠ፦ ፊልም፣ ጌም፣ አንቲቫይረስ። ውጭ አገር በዶላር ነው የሚሸጠው፣ ለእናታችን ግን በነጻ አለ። ሲጫን ኮምፒዩተሩ ሊጮህ ይችላል፣ አትስሙት፣ መጀመሪያ አብሮት የመጣውን የራሱን ቫይረስ ጠባቂ አጥፉት አለ።

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። የራሱ ጠባቂ ነው እኮ የእ.አ.ን ፍላሽ የያዘው። በነጻ። ማንም ሳይመርቀን። ጠባቂህን አጥፋና አስገባኝ የሚልን ማን ያስገባል? ዘበኛን አባርሮ በር የሚከፍት አለ? ይሄ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር። እማዬ ኮፍያውን እየመረቀች ነበር። እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ሥራህን ይባርክ። ነጠላውን ያዝኩላት። ወጣን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 19።

በደንብ ይሠራል። ፈጣን ነው። ስልክ ላይ፣ በቪዲዮ፣ አንድ ፊቱን የማያሳይ ሰውዬ ያለውን አዳመጥኩና እሱ እንዳለው አደረግሁ፦ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዳይከፍት፣ ጠባቂው በየጊዜው እንዲታደስ። ልክ ነኝ አልልሽም። የጥልፉ ፕሮግራም ራሱ ከጋሽ ከድር ቤት የተገለበጠ ነው። ማንም ንጹሕ አይደለም። ቢሆንም።

ጠባቂው ስለ ምራቂው ፎልደር ይጮሃል። ላጠፋው እማዬን ጠየቅሁ። የተመረቀ ነገር አይጣልም አለች፤ ጥጋብ ነው፣ ያስቀጣል። ናቲ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ እሷ እኮ ሁሉ ነገር ቫይረስ ይመስላታል፣ እኔም ቫይረስ ነኝ አለ። እማዬ ሳቀች። አዎ ነህ። አላልኩም።

ፍርግርጉ ሊያልቅ ነው። አንገቱ አለቀ። ጠርዙ ቀረ። ጋሽ ከድር የበዓል ሥራ የሚቀበሉት ነሐሴ እስኪያልቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የመጣ ሥራ ከመስቀል በኋላ ነው የሚነካው ብለዋል። ቅጂ በፍላሽ አስቀምጫለሁ። ሁሌ አስቀምጣለሁ። ሞኝ አይደለሁም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21።

ሞኝ ነኝ።

ጠፋ። ሁሉም።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

እሺ። ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ያን ያህል ብቻ። ስመለስ ናቲ ቆሟል። ተቀምጦ አይደለም፣ ቆሞ። አንቲቫይረሱን ጫንኩልሽ አለ። ላንቺ ብዬ ነው አለ። ጠባቂውን አጥፍቶታል፤ ኮፍያው እንዳለው። ምራቂውን ከፍቷል። የፋይሎቼ ስም ጭራ አውጥቷል፣ የማይነበብ ጭራ። አንዱም አይከፈትም። መሐል ላይ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ። ናቲ አነበበው፤ ቆልፈነዋል፣ ገንዘብ ካልላካችሁ አይከፈትም ይላል።

ፍላሼስ? ተሰክቶ ነበር። ቅጂውን ከዋናው ጋር ሰክቼ ትቼው ነው የወጣሁት። እሱም ተቆልፏል። ቁልፍ በር ላይ ሰክቶ መውጣት ማለት ይሄ ነው።

ናቲ ይቅርታ አላለም። ነገርኩሽ እኮ፣ ይሄ ኮምፒዩተር ድሮም አሮጌ ነው አለ።

መታሁት። በዳቦው። ምን እንደምል ስላላወቅሁ ነው። ዳቦው ተሰበረ። እሱ ሳቀ። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ የመጀመሪያውም አልተሳካልኝም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22።

ይሄን ብጽፍ አታምኚኝም። እማዬ ተከራከረቻቸው።

ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ሱቃቸው የት ነው ብላ ነው። ሱቅ የላቸውም አላት ናቲ፤ የትም ናቸው፣ አይታወቁም። የሚጻፍላቸው አድራሻ አለ? አለ። በል ጻፍ አለችው። እሷ ቆማ ትናገራለች፣ እሱ ስልኩ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ያዞራል። ቀንሱ በላቸው። ልጅ ነች የሠራችው በላቸው። የበዓል ሰሞን ነው፣ ገበያ የለም በላቸው። ይሄን ከቀነሳችሁ ደንበኛ እንሆናለን በላቸው።

ደንበኛ! ለሌቦች!

ማታ መለሱ። ቀንሰዋል። እማዬ ጭኗን መታች፤ አየሽ? አፍ ያለው ያገባል፣ አለችኝ። ዓይኗ በራ። ሱቅ ላይ የሆነች መሰላት። አንድ ጊዜ ደስ ያላት ስትመስለኝ ልቤ ትንሽ ራርቶ ነበር፤ ምናልባት ይከፈታል ብዬም አሰብኩ፤ በውስጤ ፍርግርጉ ሲከፈት አየሁት።

ከዚያ ዕቃው ይታይ አለች። አንዱን ከፍታችሁ አሳዩን፣ እኛ ያላየነው ላይ ቀብድ አንከፍልም በላቸው። ላከው። እስካሁን አልመለሱም።

አልመለሱም ማለት የላቸውም ማለት ነው፣ አለች እማዬ። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ እንደ አዲስ የሰማች ሆና «ሌቦች!» አለች። ከትናንት ጀምሮ እኮ ሌቦች ናቸው። እሷ ግን አንድን ሰው ሌባ የምትለው ዕቃውን ሳያሳይ ሲቀር ነው።

አንከፍልም። ተወሰነ። ሌላውም ተወሰነ፦ ቅዳሜ ይጸዳል፣ የሚጸዳውም ለመሸጥ ነው። ባዶ ሆኖ ሲሄድ የተሻለ ያወጣል አለች። ከመስከረም ጀምሮ ሱቅ ነሽ። ናቲን ምንም አላለችውም። ምንም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24። ከሰዓት።

ኮፍያው ዘንድ ሄድን። እንደ አዲስ ደንበኛ ነው የተቀበለን። ምራቂህ ነው ያቃጠለን አለችው እማዬ። እሱ የናንተ ልጅ ጭኖ ነው አለ። እሷ አንተ ጫኑት ብለህ ነው አለች። ተጯጯሁ። ሲጨርሱ ግን ተሳሳቁ፣ ዋጋ ተከራከሩ፣ አስቀነሰች። ይሄን ሰዎች እንዴት እንደሚችሉት አላውቅም። እኔ አንድ ሰው ላይ ከጮህኩ ዕድሜ ልኬን ዓይኑን አላይም።

ፎርማት አደረገው። ንጹሕ። ባዶ። ሁለት ዓመቴ በዚያ ባዶ ውስጥ ነው።

እማዬ ልትነሳ ነበር። አልተነሳችም። እጇን ዘረጋች፣ እንደ ልማዷ። በደሉን ካስ፣ መርቅልን እንጂ አለችው። እሱም እጁን ኪሱ ከተተ። ያው ፍላሽ። ሰማያዊው። እሱ ራሱ ነው፣ ጥጉ የተሰበረው።

«ምራቂ አንፈልግም።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ብዬ ነበር።

ኮፍያው እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከጎን ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞሩ። እማዬ አየችኝ፤ የራሷን ልጅ የምታይ አትመስልም። ልጅቷ ታማለች እንዴ አለች። ደገምኩት። አንፈልግም፣ ፍላሹ አይሰካም፤ የከፈልንበትን ብቻ ነው የምንወስደው አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይወጣል። ሶኬቱን ነቀልኩት። እኔ። የሰው ሱቅ ውስጥ።

ኮፍያው ሳቀ። እናቴ፣ ልጅሽ ጉድ ናት፣ ምራቂ እምቢ ያለ ሰው መርካቶ ላይ አይቼ አላውቅም አለ። እማዬ አልሳቀችም። በሰው ፊት አዋረድሽኝ አለችኝ ደረጃው ላይ። ታክሲ ውስጥ አላናገረችኝም። ኮምፒዩተሩን ግን ምን አለሽ ተራ አልወሰደችውም። ቤት አስገባችው። ነጠላውን ገፍፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27።

እየሳልኩ ነው። ከመጀመሪያው።

የጥልፉን ፕሮግራም ከጋሽ ከድር ዘንድ ድጋሚ አመጣሁ። ፋይሎቼ እንደተቆለፉብኝ ነገርኳቸው። እኔም ቤት ከገባ አለቅሁ ብለው ደነገጡ፤ አዲስ ፍላሽ ሰጡኝ፣ ከማሸጊያው ያልወጣ። ከዚህ ሌላ እኔ ማሽን ላይ እንዳይሰካ አሉ። ሰው አንድ ጊዜ ሲሰማኝ እንዲህ ነው ለካ።

ፍርግርጉ እዚያው ነው። ከመስኮቱ ማዶ። ማንም ሊቆልፈው አይችልም። በፊት ያላየሁትን ዛሬ አየሁ፦ አንደኛው ብረት የአልጋ ራስጌ ነው። የሰው አልጋ ነበር። ያንን ቅስቱን ጠርዙ ላይ አስገባሁት። የበፊቱ ላይ አልነበረም። የበፊቱ ይሻል ነበር ብዬ ሳለቅስ ከርሜ ነበር፤ አይሻልም።

ሥራ ስጨርስ ፍላሹን እነቅላለሁ። ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ፣ አንገቴ ላይ። እማዬ አይታ ጠላችው፤ ማተብ ላይ ብረት አይንጠለጠልም አለች። አልፈታሁትም።

ለናቲም የራሱን መግቢያ ከፈትኩለት። ፊልም ያያል። ምንም መጫን አይችልም፤ ለመጫን የእኔን ፓስዎርድ ይጠይቀዋል። እስካሁን አላወቀም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30።

አስረከብኩ። ጋሽ ከድር አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ይሄ ምንድን ነው አሉ። መስኮት ነው አልኩ። ማሽኑን አስነሱት።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4። ማታ።

እማዬ ገባች። እግሯን እያሸች ነው። ፍርግርጉን ከሰቀለችው ወዲህ ሰው ይቆማል አለች። ይሄ መስቀል አይደለም ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ይዳስሱታል። የሰቀለችው ሁሉ ወጥቷል። ዘግይተው የመጡትን የለም ብላ መልሳለች። ጥሩ ነው አላለችኝም። ለመስቀል ሌላ አውጪ አለች። ሱቅ የሚለውን ቃል አላነሳችም። እኔም አላነሳሁትም።

ከዚያ ናቲ መጣ።

ጌም ሊጭን ነው። ፓስዎርድ ጠየቀው። አወቀ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሰደበኝ፣ ከዚያ ወደ እማዬ ሄደ። እማዬ ለበዓሉ ስትል ንገሪው አለች። ወንድምሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ቁልፍ የለም፣ ሰላም ይሻለናል። የቤታችን ሰላም ሁሌ እንዲህ ነው፤ እኔ ዝም ስል ሰላም ይባላል።

ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እየደበደበው ነው። መሲ! መሲ ቃሉን በይ! እ.አ. ድምፅ ሰምታ መጥታለች፤ ምን ሆነች ደግሞ ስትል ይሰማኛል። እማዬም እየጠራችኝ ነው። ሦስቱም በር ላይ ናቸው።

ልወጣ ነው። በሩን ከፍቼ ቆሜ፣ በአፌ፣ ሦስቱም እያዩኝ፣ አይሆንም ልላቸው ነው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ። የሚጮሁ ይጩሁ።

ፓስዎርዱን ደግሞ ላንቺም አልጽፍልሽም። አትቀየሚኝ። ቁልፍ የለሽም፣ ትራስ ሥር ነው የምትውዪው፣ ናቲ ረጅም እጅ አለው፣ አንቺም እንደ ሁሉም ሰው ለከፈተሽ ሁሉ ትናገሪያለሽ።